የማይቆጣ ቁስል

ሕይወት ያለው ነገር ዝም ሲል ያስፈራኛል። ከልጅነቴ እንዲህ አልነበርኩም፤ እንዲያውም በቤታችን ጫጫታ የማልወደው እኔ ነበርኩ። ይህ ፍርሃት የያዘኝ በደርግ ዘመን፣ ልደታ አካባቢ በነበረ አንድ ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጥሬ ስሠራ ነው። የጀመረበትን ቀን አስታውሳለሁ። ቅዳሜ ነበር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታ ነበር፤ ሰው ግን በጠራራ ፀሐይም ይፈራል።

ሥራዬ ቴክኒሽያንነት ነው። አለቃዬ ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የተመለሱ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ዶክተር ነበሩ። የሚያጠኑት ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው፤ ገላ ውስጥ ጠላት ሲገባ ሮጠው የሚውጡትን። ሥራው እንዲህ ነበር። ከሠራተኛው አንዱ ክንዱን ይዘረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ ወይ ጾም ነው ይላሉ ወይ የቀበሌ ስብሰባ አለብን ይላሉ። ደሙ ቆሞ ሲዘቅጥ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ የቀረውን ነጣ ያለ ውኃ ቀድተን መስታወት ላይ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ከአብነት ዳቦ ቤት የመጣ እርሾ ቀቅለን ጠብ እናደርግላቸዋለን። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጉድ ነው። እጅ የሌለው ነገር እጅ ያወጣል፣ ይንፏቀቃል፣ እርሾውን ያቅፍና ይውጠዋል። አምስት ስድስት የሚውጥ ሆዳም አለ። "ያው የኔ ደም አይደል፣ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል" እያልኩ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጆንያ መጣ። ምጽዋ የሚሠራ የዶክተሩ ዘመድ በጭነት መኪና የላከው የባሕር አረም ነበር፤ ቡናማ፣ ደርቆ የተጨማደደ፣ ግንዱ ላይ እንደ አተር ያሉ አየር የሞላባቸው እንክብሎች ያሉት። ሽታው ከኮሪደሩ አልፎ በሩ ድረስ ደረሰ። ዘበኛው አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ "ይኼን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ለዚህ ነው?" አለ። እኔም በሆዴ ያንኑ ነበር የምለው።

ዶክተሩ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበሉት። አረሙን አጥበን፣ ቀቅለን፣ አጥልለን፣ ፈሳሹን በስስ ከረጢት ቋጥረን፣ ጨዉ እስኪወጣለት ሁለት ቀን የሚነከርበትን ውኃ እየለወጥን አቆየነው። የቀረው ቀጠን ያለ ቡናማ ፈሳሽ ነው።

"ቁስል ሲቆጣ አይተሻል?" አሉኝ። "የሚያሳብጠው፣ የሚያቀላው፣ የሚያግለው የገባው ጠላት ብቻ አይደለም። የራሳችን ወታደሮች ናቸው። አንዳንድ ሰው ገላ ውስጥ ደግሞ ጠላት ሳይኖር ይቆጡና የራሳቸውን ቤት ያፈርሳሉ። መገጣጠሚያ የሚበላው ቁርጥማት እንዲህ ነው። ይኼ አረም ቁጣቸውን ያበርድ እንደሆን እናያለን።"

ቁርጥማት ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። ለምን እንደቆመ እመለስበታለሁ።

ያን ቅዳሜ ከደሜ የወጡትን ሕዋሳት ለሁለት ከፈልን። ለአንዱ የአረሙን ውኃ ሰጠን፣ ለሌላው አልሰጠንም፤ ሁለቱንም በገላ ሙቀት ልክ አቆየናቸውና እርሾ ጨመርን። መጀመሪያ ያልተሰጣቸውን አየሁ፤ እንደ ወትሯቸው ግብር ላይ ናቸው። ሁለተኛውን መስታወት አስገባሁ።

ሁሉም ቆመዋል። እርሾው መጥቶ ይነካቸዋል፣ ይጠጋቸዋል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ተቀምጦበታል። አያቅፉም፣ አይሸሹም። ሞተው ነው ብዬ ሰማያዊውን ቀለም ጨመርኩ፤ ሕያው ሕዋስ ያን ቀለም አያስገባም፣ የሞተ ግን ይጠጣውና ሰማያዊ ይሆናል። አንድም ሰማያዊ የለም። ሁሉም በሕይወት አሉ። ዓይኔን ከመስታወቱ ሳነሳ ግቢው ራሱ ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ክንዴን፣ ደሙ የተቀዳበትን ቦታ፣ በመዳፌ ያዝኩት። ውስጤ ያሉት እነዚያው ናቸው።

ዶክተሩ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩና "በጣም ጥሩ" አሉ፤ ቀስ ብለው። "በጣም ጥሩ። ተረጋጉ።"

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድ ብሎ በአንዲት ክፍል ቤት እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምንኖረው። እናቴ ፈታይ ነበረች። የእሷን ፈትል ሸማኔዎች ከነስሟ ያውቁታል፤ ቀጭን፣ ቋጠሮ የማይገኝበት። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝና ያስተማረችኝ በእንዝርት ነው። ያን ዓመት ግን ጣቶቿ አብጠው፣ አንጓዎቿ ቀልተው፣ ጠዋት ጠዋት ተቆልፈው ይነሡ ጀመር። ኩባያ በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው የምትጠጣው። ክሊኒክ አስፕሪን ሰጧት፤ አስፕሪኑ ጨጓራዋን አደማው። ባዘቶው በቅርጫት ተሞልቶ እንዝርቱ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፤ እሷ ታየዋለች። አንድ ቀን "ሥራ የሌለው እጅ ሬሳ ነው፤ እኔ ሬሳ ተሸክሜ ነው የምውለው" አለችኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ስለዚህ ሰረቅኩ። አመጣሁ፣ ወሰድኩ ማለት ይቻላል፤ መስረቅ ነው። ዶክተሩ "ይኼ ለሕዋስ እንጂ ለሰው አይደለም" ብለው ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ግን ዳማከሴ ተጨምቆላት፣ ጤና አዳም ተቀቅሎላት ያደገች ልጅ ነኝ። ቅጠል ቅጠል ነው፤ ምድር ላይ በቀለ ባሕር ውስጥ በቀለ ምን ልዩነት አለው? እንዲህ አሰብኩ። በሳል መድኃኒት ጠርሙስ ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እናቴ ጠርሙሱን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። ሁዳዴ ነበር።

"ዓሣ ነገር አለበት እንዴ?"

"የለበትም እማዬ። የባሕር ጎመን በይው። የጾም ነው።"

"የባሕር ጎመን!" ብላ ሳቀች፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አማተበችና አንድ ማንኪያ ጠጣች። ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ እንዳትጨምሪ አልኳት። እሺ አለች። እናቶች እሺ ሲሉ ማመን የለብንም።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ እንዝርት ሲሽከረከር ሰማሁ። በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንጓዎቿ ሟሽሸዋል፣ ቅላቱ ጠፍቷል፣ ጣቶቿ እኔ ልጅ ሳለሁ እንደነበሩት ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጠርሙስ አመላለስኩ፤ ቀማኛ ሆንኩ፣ ደስተኛ ቀማኛ።

እንግዳ ነገሩን መጀመሪያ ያሳየኝ ቁንጫ ነው። ያን ጊዜ ቁንጫ ብርቅ አይደለም፤ እኔና እናቴ አንድ አልጋ ነው የምንተኛው። እኔ እግሬ ሁሉ አባብጦ ሳክ አድራለሁ፤ የእሷ ገላ ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ የለም። "አንቺን ቁንጫ ምነው ጠላሽ?" ስላት "ሽማግሌ ደም አይጣፍጣቸውማ" አለች። ሳቅን። በማግሥቱ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን አንዲት ቁንጫ ክንዷ ላይ ተቀምጣ ስትጠግብ በዓይኔ አየሁ። ከሄደች በኋላ ቆዳው እንደነበረ ነው። ጠበቅኩ፤ ምንም አልመጣም። እርሾው የተቀመጠበት ያ ሕዋስ ታወሰኝ፤ ወዲያው ከሐሳቤ አባረርኩት።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አውራ ጣቷ ላይ ጨርቅ አየሁ።

"ምንድን ነው?"

"ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ቆይቷል እኮ።"

"መቼ?"

"ለበዓሉ ወጥ ስሠራ ነዋ።"

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ጨርቁን ፈታሁት። ቁስሉ አሁን የተቆረጠ ይመስላል፤ ደም ግን የለውም። አልቀላም፣ አላበጠም፣ አልገጠመም። ጠርዞቹ ነጣ ብለው ተከፍተው ቆመዋል፣ ውስጡ ይታያል። ዳርና ዳሩን በጣቶቼ ያዝኩና ከፈት አደረግኩት። እናቴ በሌላው እጇ ባዘቶዋን ስታበጥር ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"አያምሽም?"

"አያመኝም እኮ። ምን ሆንሽ? ፊትሽ ተለወጠ።"

ከእጇ የዚያ ጆንያ ሽታ መጣብኝ። ምናልባት ከኔ ልብስ ነበር። እስከ ዛሬ ግን ከእጇ ነው እላለሁ።

መርፌ አምጥቼ ደሟን ቀዳሁ። "የእናትሽንም ደም ልትሸጪ ነው?" ብላ ቀለደች፤ ሰፈሩ ስለ ቤተ ሙከራችን የሚያወራውን ታውቃለች። በማግሥቱ ማንም ሳያይ ደሟን ከራሴ ደም ጎን ለጎን አቆምኩ። ያው እርሾ፣ ያው ሙቀት፣ የአረም ውኃ ለሁለቱም አልጨመርኩም። የኔዎቹ እንደ ለመዱት ዋጡ። የእሷን መስታወት አስገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ሳላነሳ አየሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ክብ፣ ንጹሕ፣ ሕያው ነገሮች እርሾ ተሸክመው ቆመዋል። ከውጭ ታክሲ ጡሩንባ ሲያጮህ፣ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል፤ ከመስታወቱ ስር ያሉት ግን ማንም ቢጣራ የሚሰሙ አይመስሉም። እነዚህ የእናቴ ናቸው፤ አሁን በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ እየፈተለች በገላዋ ሁሉ እንዲህ ቆመዋል ብዬ አሰብኩ።

ዶክተሩ ከኋላዬ መጥተው እንደ ቆሙ አላወቅኩም። አጎንብሰው አዩ።

"የማን ደም ነው?"

"የኔ ነው።"

"ያንቺን ደም ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ። ይኼ ያንቺ አይደለም።"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ቢያባርሩኝ ደስታዬ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ንብረት መስረቅ መባረር ብቻ አይደለም። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ስርቆቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዕድሜዋን ጠየቁኝ። ከዚያ ትኩሳት እንዳላት ጠየቁኝ።

"የላትም።"

"የላትም አትበይ። ቢኖራትም ገላዋ አይነግርሽም። ሌባ በገባበት ግቢ ውሻው ስላልጮኸ ሌባ የለም ማለት ነው? ቁስሉ ክፍት ነው፣ የገባው ሁሉ ይገባል፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚይዘው የለም። አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳያማት ሞታ ታገኚያታለሽ።" መስታወቱን እንደገና አዩና "ግን አንዲት ማንኪያ ይኼን አታደርግም። ስንት ነው የምትሰጫት?" አሉኝ።

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ምንም ሳትሸሽግ ከምድጃው ጀርባ አንዲት ጥቁር ድስት አወጣችልኝ። ያመጣሁላትን ጠርሙስ ሁሉ እየገለበጠች፣ በከሰል ላይ አንተክትካ አንተክትካ፣ እንደ ማር እስኪወፍር አክስላ ነበር የምትጠጣው። ለዚያውም በሁዳዴው ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ባልቀመሰ ሆድ፣ በማንኪያ ሳይሆን በስኒ።

"ቀጭን መድኃኒት ምን ይሠራል?" አለችኝ። "ወፈር ሲል ነው እንጂ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው። እናቴም ያሳየችኝ እንዲህ ነው።"

ዶክተሩ በጠብታ ለክተው የሚሰጡትን ነገር ቅጠል ነው ብዬ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅጠል ደግሞ በቤታችን እንዲህ ነው የሚጠጣው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ሆንኩ።

ሊገድልሽ ይችላል፣ ተይው አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ።

"እኔ እኮ ሞቼ ነበር። አንቺ ማታ ገብተሽ ምን ታውቂያለሽ? ቀን ቀን ነጠላዬን በጥርሴ ስስብ አይተሽኛል? ሽንት ቤት ደርሼ ልብሴን መፍታት አቅቶኝ እንደ ሕፃን ስሆን አይተሽኛል? አሁን ሰው ሆንኩ። ሰው ሆኜ ልሙት።"

ድስቱን አቅፋ ይዛ ነበር ይህን የምትለው። ከእጇ ልነጥቃት አልቻልኩም። አመንኩላትም፤ ልክ ናት ብዬ ያሰብኩበት ደቂቃ ነበር። ግን እናቴ ናት። ሌላ ሰው የለኝም።

ግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲያዘጋጅ፣ እሷ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ድስቱን አወጣሁና ከግቢው ጀርባ ባለው ቦይ ገለበጥኩት። ወፍሮ ስለነበር አልፈስ አለ፤ በውኃ ገፋሁት፣ በእንጨት ገፋሁት። ሳጥኗ ውስጥ ከቀሚሷ ስር የደበቀችውን ጠርሙስም አግኝቼ ደፋሁ። ጎረቤቶች ንፍሮ ይዘው እየጠሩኝ ነበር፤ እጄን ታጥቤ ሄጄ በላሁ። ጣዕሙ አልታወቀኝም።

ስትመለስ ምድጃውን አየች፣ ሳጥኑን ከፍታ አየች። ጣቷን በጨርቅ አስራ እንዝርቷን አነሣች፤ እስከሚመሽ ፈተለች፣ በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። የቀራትን ጊዜ የምትቆጥር ይመስል አንዲት ደቂቃ አላረፈችም። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ፈትቼ አያለሁ። ቁስሉ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ዝም ያለ። ተቆጣ እንጂ፣ ብዬ ለመንኩት። እመቤቴን "እባክሽ ይመማት" ብዬ የተሳልኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እንዲህ ያለ ስለት ለማን ይነገራል?

በስምንተኛው ቀን አንገቷ ላይ የቁንጫ ንክሻ አየሁ። ቀይ፣ ያበጠች፣ የተከበረች ነጥብ። በአሥረኛው ቀን አውራ ጣቷ ቀላ፣ በማግሥቱ አበጠ፣ ከዚያ መግል ያዘ። ትኩሳቱ ሲነሣ አልጋው ሁሉ ይግላል። እናቴ ታቃስታለች፣ ትረግመኛለች፣ የአባቴን ስም ትጠራለች፤ እኔ ያን የጋለ እጅ ይዤ እስቃለሁ አለቅሳለሁ። እብድ መስዬ ታይቻት ይሆናል። ክሊኒክ ወስጄ ፔኒሲሊን ተወጋች፤ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገጠመ፣ ጠባሳ ብቻ ቀረ። ተረፈች።

ከጠባሳው ጋር ቁርጥማቱም ተመለሰ፤ ለቆየበት ጊዜ የሚበቀል ይመስል ከበፊቱ ከፍቶ። በዓመቱ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀሩ። ባዘቶውን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ዶክተሩ ጉዳዬን ለማንም አልተናገሩም። የቀረውን ጆንያ ግን በራሳቸው እጅ ጓሮ አቃጠሉት፤ ሪፖርታቸው ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብለው ዘጉት። ኋላ የምጽዋ መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ፣ ሌላ ጆንያ አልመጣም። ዛሬ ይህን ለሚያውቁ ሰዎች ስነግራቸው እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ተጠጥቶ ከሆድ አልፎ ደም ውስጥ ያን ያህል አይገባም፣ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። አጎረስኳት፣ አጠብኳት፣ ነጠላዋን አለበስኳት። አልተቀየመችኝም፤ ወይም ተቀይማ አልነገረችኝም። የመጨረሻው ክረምት ላይ ሕመሙ ከጣት አልፎ ትከሻዋና ጉልበቷ ገባ፣ አንሶላው ሲነካት ትጮኻለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገላዋን በሞቀ ጨርቅ ስጠርግላት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ከዚያ ከባሕር ጎመን ጠብታ ታህል አልቀረሽም?" አለችኝ።

"አልቀረም፣ እማዬ።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

እውነቴን ነበር። ቢቀረኝ ኖሮ ግን ዋሽቼ አልከለክላትም ነበር፤ ድስቱን ጥጄ፣ እሷ እንደምትወደው አወፍሬ፣ በገዛ እጄ አጠጣት ነበር።